ጋሽ ተሾመ የመረጣቸው ሴት ጫጩቶች

ባለፈው ሳምንት የሕንፃችን ነዋሪዎች የዋትሳፕ ግሩፕ ቀውጢ ሆኖ ሰነበተ። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ባለው በዚህ አፓርትመንት ውሃ ሲጠፋ እንኳ ይህን ያህል መልእክት አይጻፍም። ነገሩን የጀመረው አራተኛ ፎቅ ያለው ጠበቃ ነው፤ "ማነው አውራ ዶሮ ያስገባው?" ብሎ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በስዋሂሊ ጻፈ። የሚቆጣው ተቆጣ፣ የሚስቀው ሳቀ፣ አንዱ ደግሞ የሽንኩርትና የቲማቲም ምስል ልኮ "ቅዳሜ እንገናኝ" አለ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ጮኸ። ገና ድምፁ ያልጠና፣ መሃል ላይ የሚሰበር የጎረምሳ ጩኸት ነው። ብቻዬን ሳቅሁና "አልነጋም" አልኩት።

ድብብቆሽ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ "ኩኩሉ!" ይላል፤ ያልተደበቁት "አልነጋም!" ይሉታል፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ነው "ነጋ!" የሚባለው። እኔን ግን ቃሉ የሚወስደኝ ወደ ልጅነቴ ሰፈር ሳይሆን እዚሁ ናይሮቢ ወዳለው ፓንጋኒ፣ ወደ አክስቴ ወደ እትዬ ብርሃኔ ጓሮ ነው። እትዬ ዛሬ ሰማንያን አልፋ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ክፍሏ ከክፍሌ ጎን ነው። ጆሮዋ ስለደከመ የዋትሳፑን ጦርነትም፣ የዶሮውን ጩኸትም አልሰማችም።

ወደ ናይሮቢ የመጣሁት ሃያ አንድ ዓመቴ ላይ፣ እሷን ላስታምም ነው። ባሏ ጋሽ ተሾመ በድንገት ታሞ ሞቶባት ነበር። ጋሽ ተሾመ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን የፈጀው በሞያሌና በናይሮቢ መካከል፣ ያኔ አስፋልት ባልነካው መንገድ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ንግግሩ አጭር፣ ስለማንኛውም ነገር አንድ የራሱ ዘዴ ያለው ሰው። ልጅ አልወለዱም። እትዬ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ለከተማው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ታቀርብ ነበር፤ ፓንጋኒ የሚያውቃት ሁሉ በሳቋና በበርበሬዋ ያውቃታል። እኔ ስደርስ ግን ሳቁም በርበሬውም አልነበረም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። "እትዬ፣ ብይ እንጂ" ስላት "እሺ" ትለኛለች፤ "እትዬ፣ ፀሐይ ላይ ወጣ እንበል" ስላት "እሺ" ትለኛለች፤ ከአልጋው ግን አትነሳም። ሰው እንዲህ እየተስማማ እምቢ ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ካርቶን የታቀፈች ሴት ቆማለች። የእኔ ስዋሂሊ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ከምትለው ውስጥ የያዝኩት "ምዜ ቴሾ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ምዜ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ላባቸው ገና ያልሞላ አራት ጫጩቶች ነበሩ። ጎረቤታችን ማማ አቺየንግ ወጥታ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ፤ ጋሽ ተሾመ ከሴትየዋ ቤት ራሱ መርጦ፣ "ጠንከር እስኪሉ አንቺ ዘንድ ይቆዩ" ብሎ ትቷቸው ኖሯል። መሞቱን ስትሰማ ሴትየዋ በሩ ሥር ቁጭ አለችና "ፖሌ ሳና፣ ፖሌ ሳና" እያለች፣ በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው፣ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ከዚያ ካርቶኑን ለኔ ትታ በመጣችበት ሄደች።

ነገሩን ለእትዬ ስነግራት ከግድግዳው ዞረች። ከመጣሁ ወዲህ ፊቷን በቅጡ ያየሁት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

"መርጫለሁ ብሎኝ ነበር" አለች። "አራት ሴት መርጫለሁ፣ እንቁላል ብቻ ጠብቂ አለኝ።"

የጋሽ ተሾመ የጫጩት አመራረጥ ዘዴ እንዲህ ነው። ጫጩቷን በእግሯ ይዞ ቁልቁል ያንጠለጥላታል። አንገቷን ቀና አድርጋ የተንፈራገጠች ወንድ ናት፤ ዝም ብላ የተንጠለጠለች ሴት ናት። ይህን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። እትዬ ተነስታ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጥ ቤት ድረስ ሄደችና ካርቶኑ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ተነስታ ጎመን የምትከትፍላቸው፣ የተፈጨ በቆሎ በውሃ የምታርስላቸው እሷ ሆነች። እነሱ ሲበሉ እሷም ትበላለች። እኔም ጫጩቶቹን እንደ ሐኪም አከብራቸው ጀመር።

ላባቸው ሞላ፤ ቀለማቸው ለየ። እትዬም ስም አወጣችላቸው፤ ሁሉም የመንገድ ስም ነው። ቀዩ፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚሄደው፣ ሹፌሩ ተባለ። ገብስማው ከኋላው እየሮጠ ስለማይለየው ረዳቱ ሆነ። ነጩ የሌሎቹን መንገድ እየዘጋ ደረቱን ነፍቶ ይቆማልና ትራፊኩ አለችው። ጥቁሩ የቆጡ በር ላይ ተገትሮ ሳይፈትሽ ማንንም አያሳልፍም፤ እሱ ደግሞ ኬላው ነው። "ለሴት ዶሮ ይህ ሁሉ የወንድ ስም?" ስላት፣ "ሴትም እኮ ትነዳለች" ትለኛለች። ኩክኒያቸው እየቀላ እየተንዘረፈፈ ሲመጣ እኔ ጠርጥሬ ነበር፤ እሷ ግን የባሏን ምርጫ ለመጠርጠር አልደፈረችም።

አንድ ጠዋት፣ ገና ሲነጋጋ፣ ከጓሮ አንድ የታነቀ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ሹፌሩ ነበር። "ኩኩ—" ብሎ ይሰበራል፤ እንደገና ይጀምራል። እኔና እትዬ በአንድ ክፍል ነበር የምንተኛው።  ከዚያ ከወዲያኛው አልጋ እትዬ ቀስ ብላ፣

"አልነጋም" አለች።

ሳቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ብርድ ልብሷ ውስጥ ተንፈቀፈቀች፤ ቀጥሎ ቁጭ ብላ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እንቁላል ጠብቂ ብሎኝ ሄደ! አንተ ሰው! ዝም ያለ ሁሉ ሴት መሰለህ?" እያለች ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ራሱ ጋሽ ተሾመም ዝም ያለ ወንድ ነበር። ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ልቅሶውም ተመልሶ ሳቅ ሆነ። በቀብሩ እንኳ አላለቀሰችም ብለውኝ ነበር። ተነስቼ አቀፍኳት፤ ሁለታችንም እስኪነጋ ድረስ እንደዚያ ሆንን። በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ማለዳዎች አንዱ ነው።

ሌሎቹም ተከተሉ። በቋንቋችን ትልቁ ጎዳና አውራ ጎዳና ነው፣ ዋናው ጣት አውራ ጣት ነው፣ ንቦቹም አውራ አላቸው፤ የዶሮውም ወንድ ይህንኑ ማዕረግ ይዟል። አንድ ግቢ አንድ አውራ ይበቃዋል ተብሎ የተወሰነ ይመስለኛል። የኛ ግቢ ግን አራት ነበሩት፤ አራቱም ተራ አይጠብቁም።

ከማማ አቺየንግ ጋር ግድግዳ ነው የሚለየን። ሕፃን ልጅ አላት፤ ባሏ ደግሞ ዘበኛ ሆኖ ሌሊት እየሠራ ጠዋት ነው የሚተኛው። መጀመሪያ በሳቅ ተናገረች፣ ቀጥሎ በትህትና፣ በመጨረሻ ዓይኗ ቀልቶ። "ለምን አትበሏቸውም?" ስትለኝ ጾም መሆኑን ነገርኳት፤ በኛ ወግ ሴት ዶሮ እንደማታርድና ቤታችን ወንድ እንደሌለ ጨመርኩላት። "አራት ወንድ አላችሁ እኮ!" አለችና ወደ ቆጡ አመለከተች። ከጥቂት ቀናት በኋላ አከራያችን ምዜ ካማው መጡ። ሽበታም፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንጂ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ማማ ብራኔ፣ አንቺን አከብራለሁ፤ ነፍሱን ይማርና ባልሽንም አከብር ነበር" አሉ። "ግን ጆጎ አራት! ሌሎቹ ተከራዮች ሊወጡብኝ ነው። ከፓሳካ በፊት ይውጡ፤ አለዚያ እናንተን ውጡ ብዬ ልለምናችሁ ነው።"

ጆጎ አውራ ዶሮ፣ ፓሳካ ፋሲካ ማለት ነው። እትዬ አልተከራከረችም። ምዜ ሲወጡ ግን ወደኔ ዞረችና፣ "መሲ፣ እኔ የሰው እንቅልፍ ልከለክል አልፈልግም፤ ይሂዱ። ግን አንዳቸውም ቢታረድ አልችልም። እሱ በእጁ የመረጣቸው ናቸው" አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስከተላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

 የዶሮ ጉዳይ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። አራቱን በሕይወት የሚያኖራቸው ቤት ካላገኘሁ፣ አክስቴ ዳግመኛ ላትነሳ ትችላለች።

ታዲያ በሁዳዴ መሃል፣ ፋሲካ እየቀረበ፣ ሐበሻ አውራ ዶሮ ተቀብሎ የማያርድበት ቤት ከየት ይገኛል? ቢሆንም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ የሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ቀዩ ጭቃ ጫማችን ላይ ተለጥፏል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ፣ ሁሉን የሚያውቁ፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ሴት ነበሩ፤ ግቢያቸው ዶሮ እንደሚያረቡ ሰምቻለሁ። ቀርቤ ሰላም አልኳቸው።

"አውራ ዶሮ ይፈልጋሉ? በነፃ ነው" አልኳቸው።

"በነፃ?" አሉ፤ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። "ቀለሙ ምንድን ነው?"

"ቀይም አለ፣ ነጭም፣ ገብስማም፣ ጥቁርም።"

"ጥቁርም?" አሉ። "ብርሃኔ እንዴት ሆነች?"

ደስ ብሎኝ ነው የመለስኩት። "በጣም አሟት ነበር፤ ከአልጋ አትነሳም ነበር። ዶሮዎቹ ከመጡ ወዲህ ግን ተሻላት! አሁን በጎ ስለሆነች፣ እነሱን ከግቢ ልናወጣቸው ነው። የሚወስድልን ብቻ ነው ያጣነው።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አማተቡ። አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። "ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማራት። እኔ ግን ቤቴ ልጆች አሉ" ብለው ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። ከሳቸው ቀጥሎ ያነጋገርኳቸው ሁለት ሴቶች ገና አፌን ስከፍት "አይ፣ ይቅርብን" አሉኝ። በሳምንቱ መሃል ዌስትላንድስ ያለ አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ስገባ ገንዘብ ተቀባይዋ "አንቺ ነሽ ባለዶሮዋ?" ብላ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ምን እንዳደረግኋቸው ሊገባኝ አልቻለም።

የገባኝ ኢስሊ ሰፈር፣ ጋሽ ሙስጠፋ ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ሙስጠፋ የሞያሌ ሰው ናቸው፤ ጨርቅና ምንጣፍ ይነግዳሉ፤ ዕቃቸውን ዓመታት ሙሉ ያመላለሰላቸው ጋሽ ተሾመ ነው። ጾም መሆኑን ያውቃሉና፣ እዚህ ስትሩንጊ የሚሉትን ወተት የሌለበት ሻይ ዝንጅብል አስደርገው አስመጡልኝ። ከጭቃው ከዝናቡ ገብቶ የዝንጅብል ሻይ ሲይዙት እንዴት ደስ ይላል! አንጀቴን ሲያርሰው ጊዜ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር የተነጋገርነውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ጋሽ ሙስጠፋ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሳቁ።

"መሲ ልጄ፣ ጭዳ ናቸው ብለሽ እኮ ነው የነገርሻት!"

ክው አልኩ። ጭዳን የማያውቅ ሐበሻ የለም። በታመመ ሰው ራስ ላይ ዶሮ ይዞራል፤ በሽታው ወደ ዶሮው ያልፋል ይባላል፤ ዶሮው ከቤት ይወጣል፤ የነካው፣ የበላው በሽታውን ይዞት ይሄዳል። እኔም አክስቴ ታማ፣ ዶሮዎቹ መጥተው፣ እሷ ድና፣ እነሱን በነፃ ላድል እንደተነሳሁ በገዛ አፌ ቅደም ተከተሉን ሳላዛንፍ መስክሬአለሁ። በዚያ ላይ ጥቁር አለበት። እኔ እንኳ ከሌላ ሰው ብሰማው አማትቤ እሸሽ ነበር።

"በነፃ የሚባል ነገር ሰው ያስፈራል" አሉ ጋሽ ሙስጠፋ፣ ሳቃቸው ሲበርድ። "ብትሸጪያቸው ደግሞ ለፋሲካ ይታረዳሉ። ታዲያ ለምን በርቢ አትሰጪያቸውም?"

"በርቢ? አውራ ዶሮ?"

"ላም በርቢ ይሰጥ የለም? በግስ? ባለቤቷ እዚያው ባለቤት ናት፤ ያረባው ከሚወለደው ያካፍላል። አውራ ዶሮ በርቢ ተሰጥቶ እኔም አልሰማሁም፤ ግን ማን ከለከለ? ዶሮ ላለው ሰው ስጪ። አውራው የብርሃኔ ነው፤ ሊያርደው አይችልም። ከሚፈለፈሉት መጀመሪያ ያደገችው ቄብ ለብርሃኔ ትመጣለች።" ሻያቸውን አነሱ። "አንዱን አምጪልኝ። ሚስቴ ሐሊማ ከሱቁ ጀርባ አምስት ዶሮ አላት፤ አውራ የላትም። ደግሞ እንደኛ ቤት የሚታመን የለም፤ እኔ ባርደው እናንተ አትበሉት፣ እናንተ ብታርዱት እኔ አልበላው። ሳዋ?"

ተስማማን ወይ ማለታቸው ነው፤ ሳዋ ነበር እንጂ፣ በጣም ሳዋ። ማታቱውን፣ የናይሮቢን ሚኒባስ፣ ተሳፍሬ፣ መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ሎሚና ሚጥሚጣ አስቀብቼ እየበላሁ፣ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ተመለስኩ። እትዬ እንደተኛች ናት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። የጭዳውን ስነግራት ትከሻዋ ትንሽ ነቅነቅ አለ። የርቢውን ስነግራት ግን ዞራ አየችኝ።

"የኔ ሆነው ይቀራሉ?"

"ያንቺ ሆነው።"

"ሄጄ ማየት እችላለሁ?"

"ባለቤታቸው እኮ ነሽ።"

ቀና ብላ "ቄብ ሴት ናት አይደል? እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። ይህን ስትል የአፏ ጫፍ ተንቀሳቅሷል።

ሹፌሩን ኢስሊ የወሰድኩት ኪዮንዶ በሚሉት ትልቅ የቃጫ ቅርጫት፣ በሻርፕ ሸፍኜ ነው። ማታቱው ውስጥ ጭለማው ሌሊት መስሎት ዝም ብሎ ቆየ። የመኪናው ረዳት ሒሳብ ሲሰበስብ ሻርፑ ተንሸራተተና ሹፌሩ ነጋ ብሎ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ፤ ሒሳብ ሰብሳቢው "ሁዩ ጆጎ አናሊፓ?" አለ፤ ይሄ አውራ ዶሮ ይከፍላል ወይ ማለቱ ነው። ሐሊማ በሩ ላይ ነበር የተቀበለችን። ሹፌሩ ዶሮዎቹን ሲያይ ክንፉን አንዴ ጎተተና እንደ ባለቤት ገባ፤ እኔን ዞሮም አላየኝ።

ከዚያ የፈረንጆቹ ፋሲካ ደረሰ፤ ምዜ ካማውም እንደ ቃላቸው መጡ። እኛ ግን "ከፓሳካ በፊት" ሲሉን በገዛ ፋሲካችን ነበር የቆጠርነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ የኛ ከነሱ ብዙ ይዘገይ ነበር። "ምዜ፣ ፓሳካ እኮ ገና ነው" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን እንደያዙ አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ አሁን ከጸሎት ቤት መምጣቴ ነው። ጌታ ተነስቷል።" "የኛ ገና አልተነሳም" አልኩ፤ ምን እንደምናገር ጠፍቶኝ። ሽማግሌው ተንከተከቱ። ተቀምጠው ሻይ ጠጡና ነገሩን ሁሉ አጫወትናቸው። ርቢውን እትዬ ራሷ ናት በስዋሂሊ ያስረዳቻቸው፤ ከባሏ ሞት በኋላ ይህን ያህል ስትናገር የሰማኋት ያኔ ነው። ምዜ ሲወጡ ኬላው ብብታቸው ሥር ነበር። ሊሙሩ ባለው እርሻቸው ዶሮ ሞልቷቸዋል። "ማማ ብራኔ ወንድ ታከራያለች!" እያሉ በሳቅ ወጡ።

ረዳቱን ማን ወሰደው ብትሉኝ ማማ አቺየንግ ናት። ለበዓሉ ወደ እናቷ፣ ወደ ኪሱሙ ልትሄድ ነበር። "እንቅልፌን የወሰደው እሱ ነው፤ እኔም እወስደዋለሁ" አለች። በአውቶቡሱ ረጅም መንገድ ሕፃኗን ጀርባዋ ላይ፣ ረዳቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ስትመለስ እናቷ ዶሮውን ወድደውት "ሐበሻው" እንዳሉት ነገረችን።

ትራፊኩ ብቻ ቀረ። እሱ ያለሌሎቹ ብዙም አይጮኽም ነበር፤ የሚያቆመው መንገደኛ አጣ መሰለኝ። ከፋሲካችን ማግስት በሩ ተንኳኳ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው፣ ድፎ ዳቦ ይዘው። ወዲያ ወዲህ አሉ፣ የእትዬን ጤና ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አነሱ። በመጨረሻ፣ "ሙስጠፋ ሁሉን ነገረኝ" አሉ፤ "ነጩ... ተወስዷል እንዴ?" እትዬ ዳቦውን ተቀበለች፣ ውሉን አንድ በአንድ አስረዳች፣ የቄቧንም ነገር ጨመረች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትራፊኩን በነጠላቸው አቅፈው ሄዱ።

ያን ማታ ግቢው ጭር አለ። እኔ ተኛሁ፣ ግን ልቤ አልተኛም። ጎህ ሲቀድ ነቃሁ፤ ኩኩሉ የሚል የለም። ፈራሁ። የሚያስነሳት ነገር ከቤት ወጥቷል፤ እኔ በገዛ እጄ አንድ በአንድ አስወጥቼዋለሁ። ወደ አልጋዋ ለመዞር አልደፈርኩም። እንደምንም ስዞር አልጋው ተነጥፏል፤ እትዬ የለችም። ዘልዬ ስወጣ ጓሮ በር ላይ ቆማለች፤ ጫማዋን አድርጋ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ያንን ቅርጫት በቆሎ ሞልታ ይዛለች።

"ተነሺ እንጂ" አለችኝ። "ነጋ እኮ።"

"የት ልንሄድ?"

"ሹፌሩን ልንጠይቅ ነዋ። ከዚያም ሊሙሩ።"

ሄድን። ያን ዓመት ሙሉ ሄድን። ኢስሊ እትዬና ሐሊማ ለሰዓታት ይጫወታሉ፤ ሊሙሩ በጭጋጉ ውስጥ የሻይ እርሻውን እያየን እንመለሳለን፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር ስንሄድ ቡና ላይ በርበሬ አምጪልን የሚሏት በዙና እትዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የመጀመሪያዋን ቄብ ያመጡት ጋሽ ሙስጠፋ ናቸው፤ ቀይ፣ ቁርጥ አባቷን። ልትጥል ስትል እትዬ ሥራ ፈታ ስትጠብቃት ዋለች። እንቁላሉን ገና ትኩሱን በሁለት እጇ ይዛ አየኋት። "ተሾመ" አለች፣ እዚያ እንዳለ ሁሉ፤ "እንቁላሉ መጣ።" እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

የዋትሳፑ ጭቅጭቅ በተጀመረ በአራተኛው ቀን የዶሮው ባለቤት ተገኘች፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሊዲያ ናት፣ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች የሐበሻ ልጅ፣ ያገባች ገና በቅርብ። ትላንት በራችንን አንኳኳች፤ ነጭና ቡናማ የተቀላቀለበት ጎረምሳ አውራ ዶሮ ታቅፋለች።

"አንቲ፣ ሶሪ ሳና" አለችኝ። "ሲኩጁዋ፣ አላወቅኩም ወንድ እንደሆነ! ባልኮኒ ላይ ፍሬሽ እንቁላል እንዲኖረን ብለን እኮ ነው። መረጥኩ ያለኝ ባለቤቴ ነው። 'አታስቢ፣ ስለ ዶሮ ዐውቃለሁ' አለኝ።"

እትዬ ሶፋው ላይ ነበረች። ጮክ ብዬ በጆሮዋ ደገምኩላት። ስትሰማ ዓይኗ እንደዚያ ጊዜው በራ፤ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን ታየኛለች። እትዬ እጇን ዘርግታ የዶሮውን ደረት ዳበሰች። አራቱን እንዲሁ ሰጥተናቸው ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የምትጠይቀው ነገር ባልኖራትና ወደ ግድግዳው በተመለሰች ነበር ብዬ አስባለሁ። ያወጣት የሷ የሆነ ነገር በሰው ቤት መኖሩ ነው። እኔም ናይሮቢን የወደድኩት ያኔ፣ ከአክስቴ ጋር ዶሮ ልጠይቅ ስዞር ነው።

"ሰዎቹ እስከ ነገ አስወጪው ብለውኛል" አለች ሊዲያ፣ ዶሮዋን ጠበቅ አድርጋ። "እንዲታረድ አልፈልግም፣ አንቲ። ዝም ብሎ የሚወስደው ሰው ካለ፣ በነፃ ነው የምሰጠው።"

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ ምንም አትሰማም የምንላት እትዬ ከሶፋው ተነሳች።

"በነፃ እንዳትሰጪ!" አለች። "መሲ፣ ጫማዬን አምጪልኝ። የምዜ ካማው ልጅ አሁንም ሊሙሩ፣ አባቱ እርሻ ላይ ነው ያለው አይደል?"